ከሞተ በኋላ የመታው ልብ

ሽማግሌው ራንጌል ጎህ ሲቀድ ከንብ ቀፎዎቹ መሃል ወድቆ ሞተ፤ ልቡ ግን እስከ ረፋድ ድረስ ሲመታ ቆየ። የመጀመሪያውን ነገር አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም አረጋገጠ። ሁለተኛውን ደግሞ ሟቹ እጅ ላይ የተገኘው የልብ ምት የሚቆጥር አምባር መሰከረ። ነገሩ ለሰሚው ግራ ነበር።

መርማሪ ዝላቲና ፔኔቫ ሐኪሙንም አምባሩንም ልትወቅስ አልቸኮለችም። ይልቅ ሌላ ነገር ከነከናት። የሟቹ ደም ውስጥ የልብን ምት የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት በብዛት ተገኝቷል።

መድኃኒቱን ያዘዘችው ወጣቷ ዶክተር ሚኔቫ ናት። የተራራው መንደር ጤና ጣቢያ ከተዘጋ ወዲህ ከተማ ተቀምጣ የመንደሩን በሽተኞች በአምባርና በስልክ ታክማለች። አምባሩ የልባቸውን ምት ይልክላታል፤ እሷ ደግሞ ክኒኑን ታዛለች። ዝላቲና የዶክተሯ ቢሮ ስትገባ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ አገኘቻት።

«ሦስት ጊዜ ጨምሬላቸዋለሁ፣ አልክድም» አለች ዶክተሯ ኮምፒውተሩን እያዞረች። «ይዩት! ልባቸው ይጋልባል፣ ምቱም ሥርዓት የለው። ይህን እያየሁ ዝም ልበል?»

«ሰውየውስ ምን ይሉሽ ነበር?»

«ራሴን ያዞረኛል፣ እግሬ ይከዳኛል ይሉኝ ነበር። የልባቸው ሩጫ ነው ያደከማቸው ብዬ…»

«እጃቸውን ይዘሽ የለካሽውስ መቼ ነው?»

ዶክተሯ አንገቷን ደፋች። «አምባሩ ከታሰረላቸው ወዲህ አላየኋቸውም። ፋሲካ ሰሞን ነበር የታሰረላቸው። መንደሩ ብዙ ነው፣ እኔ አንድ ነኝ። አሁን ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ነው፤ እስርም አይቀርልሽም ብለውኛል። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ገድያቸዋለሁ?»

«እሱን ለማወቅ ነው ተራራ የምወጣው» አለቻት ዝላቲና።

መንደሩ ስትደርስ የሟቹ ወንድም ልጅ ዛሃሪ እንጨት እየፈለጠ ነበር። ከከተማ ክኒኑን የሚያመጣው እሱ ነው፤ ሰሞኑን ከአጎቱ ቤት ሲጯጯህ መሰማቱን ጎረቤት ሁሉ ነግሯታል።

«ክኒኑን የማመጣ እኔ፣ ቀፎውን የምወርስ እኔ!» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ካቴናውን ያምጡት እንግዲህ!»

«መጥረቢያህን አስቀምጥ፣ ካቴናው አይቸኩልም። ክኒኖቹን ቆጥሬያለሁ፤ የበዛም የጎደለም የለም። በምን ተጣላችሁ?»

ዛሃሪ በረድ አለ። «በዚያ በአምባር ነው። በየሰዓቱ ይነዝራል። ንብ ደግሞ የሚነዝር ነገር አይወድም፤ ተረባርበውበት እጁ ድንች አክሎ ነበር። ‹አውልቀህ ጣለው› አልኩት። ሚስቱ፣ አክስቴ ስታሜና፣ ይህን ስትሰማ ጮኸችብኝ። አምባሩ ከወለቀ ማድሪድ ያለችው ልጃቸው ስልክ ላይ ይታያል። ልጅቷ ደግሞ መጥታ የአረጋውያን ማቆያ ታስገባቸዋለች። አክስቴ ከዚያስ ሞቴን ትላለች።»

አስከሬኑ ከምርመራ ተመልሶ ሳሎን ተዘርግቷል። ዝላቲና ባርኔጣዋን አወለቀች፤ ከዚያ አምባሩ የተገኘበትን የሟቹን ግራ እጅ ቀና አድርጋ አየች። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ያጠቆረው ክንድ ነው፤ ከጣቱ ጫፍ እስከ ክርኑ አንድ መልክ። አምባሩን ከላስቲክ ከረጢቱ አወጣች። ከማሰሪያው ቀዳዳዎች አንዱ በመታሰር ብዛት ሰፍቷል። በዚያ ቀዳዳ ልታስረው ሞከረች፤ የሽማግሌው እጅ ወፍራም ነውና አልደረሰላትም። ዘለበቱ ሥር ደግሞ የደረቀ ሊጥ ነበር።

ከምድር ቤቱ ደረጃ ስታሜና የማገዶ እቅፍ ይዛ ብቅ አለች። ጣለችውና ደረቷን ይዛ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«አመመዎት እንዴ እማማ?»

«ደረጃው ነው ልጄ። ያልፍልኛል።»

«እዚህ ቤት ዳቦ የሚጋግረው ማነው?»

«ማን ይጋግራል ታዲያ? ራንጌል?» አለች ስታሜና። ሳቅ ጀምሯት ነበር፣ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

ዝላቲና ወደ ደጅ ወጥታ ቀፎዎቹ አጠገብ ቆመች። አሁን ሁሉም ነገር ገብቷታል፤ ባይገባት በወደደች። ዶክተሯን ለማዳን ለዚህች አሮጊት መንገር ግድ ነው። ዝም ብትልም አሮጊቷን አታድናትም። ለዶክተር ሚኔቫ ስልክ ደወለች፤ «አሁኑኑ ነይ» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ስታሜና ለነፍሱ የቀቀለችውን ስንዴ አቀረበች፤ ለዶክተሯም ሳህን ሰጠቻት።

«ብይ ልጄ፣ ለሱ ነፍስ ነው።»

ዶክተሯ ማንኪያውን ያዘች እንጂ አልቀመሰችም።

«ዛሃሪ ክኒን አልጨመረም፤ ክኒኑ በታዘዘው ልክ ነው የተሰጠው» ብላ ጀመረች ዝላቲና። «ትእዛዙም ለሚጋልብ ልብ ትክክል ነበር። ግን የሞተ ሰው ልብ አይመታም። አምባሩም የሌለ ልብ አይቆጥርም። ሁለቱም እውነት ከሆኑ፣ የተቆጠረው የሌላ ሰው ልብ ነው።»

ዛሃሪ ቀና አለ።

«ሟቹ እጅ ላይ የአምባር ነጭ ምልክት የለም። አምባሩ ለቀጭን እጅ ሲታሰር ከርሟል፤ ሊጥም ነክቶታል። ረፋድ ላይ ደግሞ ምቱ ከመቼውም የባሰ ሮጦ ድንገት ቆሟል። ያ ሰዓት ባለቤትዎን ወድቀው ያገኙበት ነው፣ እማማ።»

ስታሜና እጅጌዋን ቀስ ብላ ሰበሰበች። የእጇ አንጓ ላይ አንድ ነጭ መስመር አለ።

«ንቦቹ እንዳይነድፉት ነው» አለች። «ልጄም እንዳትደነግጥ። ከእጄ ላይ ቢውል ማንን ይጎዳል አልኩ። ወድቆ ሳገኘው ሰው ሳያውቅብኝ መልሼ አሰርኩለት፣ ለካስ ለሱ የሚታዘዘው…» አቋርጣ አንድ ባንድ አየቻቸው። «ታዲያ ክኒኑ?»

ዶክተሯ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ክኒኑ የኔ ነበር?» አለች ስታሜና። «ጧት ማታ በገዛ እጄ አጉርሸዋለሁ። ይመረኛል ሲለኝ በማር።»

ዛሃሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዶክተሯ ከወንበሯ ተነስታ አሮጊቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ጥፋቱ የኔ ነው እማማ። ራሴን ያዞረኛል እያሉኝ እኔ የማየው ቁጥሩን ነበር። ሰውየውን አላየኋቸውም።»

ይህን ብላ ነጩ መስመር ላይ ጣቶቿን አሳረፈች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረች፤ ቆጥራ ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ።

«አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ።»

«እኔ? ለማን ብዬ ልዳን?» አለች ስታሜና። «ተዪኝ እባክሽ።»

«እስከ ዛሬ ሳክም የኖርኩት የእርስዎን ልብ ነው፤ መድኃኒቱን ግን እሳቸው ዋጡት። በእርስዎ አልደግመውም።»

ስታሜና እግሯ ሥር የተንበረከከችውን ዶክተር አየቻት፤ ከዚያ ሻርፓዋን አነሳች። ዝላቲና የመኪናዋን በር ከፈተችላት። ዶክተሯ ከቦርሳዋ አዲስ አምባር ስታወጣ አሮጊቷ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«ያንን ነገር አታሳዪኝ። ከፈለግሽ እጄን ያዢኝ።»

ዶክተር ሚኔቫ አምባሩን መልሳ ከተተችና አጠገቧ ተቀመጠች። ተራራውን ወርደው ከተማ እስኪገቡ ድረስ የአሮጊቷን አንጓ አልለቀቀችም።