ኬኩ ካለቀ በኋላ

«የእንጆሪው ጫፍ ወደ ውስጥ ይዙር» አለች ካዮ፣ ቀና ሳትል።

«ዞረ እኮ!»

«አልዞረም። ያንተ ወደ በሩ ነው የሚያየው።»

«ደንበኛ እየጠበቀ ይሆናላ» አለ ጆሜል፤ እየሳቀ እንጆሪውን አስተካከለው።

ካዮ አልሳቀችም። የገና ዋዜማ ነው። ጃፓን ውስጥ፣ ሃማማጹ ከተማ ባለው የአባቷ ኬክ ቤት ደግሞ ከዓመት እስከ ዓመት እንዲህ ያለ የሥራ ቀን የለም። በዚህ ቀን አገር ምድሩ ክሬም የተቀባ ኬክ ይገዛል፤ ፍቅረኛ ያለው ከፍቅረኛው፣ ልጆች ያሉት ከልጆቹ ጋር ይበላል። ገና ባለፈ በማግስቱ ጌጡ ሁሉ ይወርድና ሰው ፊቱን ወደ አዲስ ዓመት ዝግጅት ያዞራል። ለካዮ ገና ማለት ይኸው ነበር፤ እሷ የምትሠራው፣ ሌላው የሚበላው ኬክ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድም የገና ማታ ከኬክ ቤቱ ውጭ አሳልፋ አታውቅም። ቅር ብሏትም አያውቅም።

ጆሜል በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ከፊሊፒንስ የመጣ እኩያዋ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ እዚህ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ደግሞ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ይደረድራል። ካዮ እንደ ራሷ ከሥራ ጋር የተጣበቀ ሌላ ሰው አላየችም። የሚመሳሰሉት ግን በዚህ ብቻ ነው። እሷ ስኳሩን በሚዛን ትለካለች፤ እሱ በዓይኑ ገምቶ ያፈሳል፣ የሚያናድደው ደግሞ ግምቱ ልክ መሆኑ ነው። እሷ ስትሠራ አፏን ትዘጋለች፤ እሱ ካልዘፈነ እጁ አይፈታም። መጀመሪያ ሰሞን ዘፈኑ ራሷን ያዞራት ነበር። አሁን እሱ በማይገባባቸው ቀናት ሥራ የሚያስፈታት ዝምታው ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«ማታ ቤተ ክርስቲያን ትመጫለሽ አይደል?» አላት። «ጊታር የምመታው እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ምግብ አለ፣ እናቴ ከትናንት ጀምሮ ከምድጃው አልተላቀቀችም።»

«ሥራ አለኝ።»

«ከሥራ በኋላ።»

«ከሥራ በኋላ ዕቃ ማጠብ አለ። ከዚያ ጥናት።»

«አቦ አንቺ ልጅ! እኛ ሰፈር ቢሆን በገና ማታ ለሚያጠና ሰው ሐኪም ነው የሚጠራለት።»

«እኛ ሰፈር ደግሞ በገና ማታ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ፍቅረኛ ያጣ ነው።»

«ልክ ነሽ፣ አጣሁ» አለ ጆሜል።

ካዮ ሌላ እንጆሪ አነሳች። ጆሜል ግን ወደ ዘፈኑ አልተመለሰም።

አባቷ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ከፊት ለፊቱ ክፍል ብቅ አለ። ማታ ማታ የምታግዛቸው ሴትዮ ትኩሳት ይዟት መቅረቷን ነገራቸው። «ጆሜል፣ ቀደም ብለህ እንደምትወጣ አውቃለሁ፤ ግን እስክንዘጋ መቆየት ትችላለህ?»

«እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም» አለ ጆሜል ወዲያው።

ካዮን መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ማታውን ሙሉ አጠገቧ ሊሆን ነው። ከዚያ ጆሜል ስልኩን አውጥቶ አጭር መልእክት ሲጽፍ፣ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ሲያስቀምጥና ወደ እንጆሪው ሲመለስ አየች።

«ጊታሩስ?»

«ያለ ጊታር ይዘምራሉ።»

«እናትህስ?»

«ትረዳኛለች። ሥራ መሆኑን ታውቃለች።»

ይህን አነጋገር ካዮ ታውቀዋለች። የራሷ ነው። አምና የልብ ጓደኛዋ ከተማውን ለቃ ስትሄድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ያልሸኘቻት «ሥራ ነው፣ ትረዳኛለች» ብላ ነበር። ጓደኛዋም ተረዳቻት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደውላ አታውቅም።

«ሂድ» አለችው።

«ምን?»

«ሂድ አልኩህ። ያንተን እኔ እሠራዋለሁ።»

«አበድሽ እንዴ? ይህን ሁሉ ብቻሽን? ደግሞ ለአባትሽ እሺ ብያቸዋለሁ።»

«ለሱ እኔ እነግረዋለሁ።» ዓይኗን ከኬኩ ላይ አላነሳችም። «እንድትቀር ፈልጌ ነበር። ለኬኩ ብዬ ግን አይደለም። በል አሁን ሂድልኝ።»

ጆሜል ሽርጡን ፈታ። ብስክሌቱን ይዞ ሲወጣ በሩን መዝጋት እንኳ ረሳ።

«እሺ ብሎኝ ነበር እኮ» አለ አባቷ ስትነግረው።

«እሱ ሥራ ላይ እምቢ ማለት አይችልም፣ አባዬ። እኔ ነኝ የላክሁት።»

አባቷ እጅጌውን ሰብስቦ ጆሜል ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመ። ሁለቱ እስከ መዝጊያ ሰዓት ሠሩ። የመጨረሻውን ኬክ ከቢሮ እየሮጠ የመጣ፣ ከረባቱ የተጣመመ ሰውዬ ወሰደው። ውጭው ጨልሟል፤ ገንዳው እስከ አፉ ዕቃ ሞልቷል።

«አባዬ፣ ዕቃውን ነገ ጠዋት ባጥበውስ?»

«እስከ ነገ ይደርቃል።»

«ይድረቅ።»

አባቷ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። «አንገትሽን ሸፍኚ፣ ነፋስ አለ» አለ ብቻ።

ካዮ ቤተ ክርስቲያኑ ስትደርስ ቅዳሴው አልቆ ሰው አዳራሹ ውስጥ እየበላ ነው። አንዲት ደልደል ያለች ሴት፣ የጆሜል እናት፣ በሩ ላይ ያዘቻት።

«ካዮ አንቺ ነሽ አይደል? ልጄን በእንጆሪ ቁም ስቅሉን የምታሳዪው?» ብላ መልሷን ሳትጠብቅ እስከ አፉ የሞላ ሳህን አስታቀፈቻት።

ጆሜል መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «ዝማሬው አመለጠሽ።»

«ስትሠራ ስሰማው ከርሜ የለ። አንድ ቦታ ላይ ሁሌ ትስታለህ።»

«ዛሬም ስቻለሁ» አለ።

ሳህኗን ስትጨርስ ሰዉ እየተነሳ ወንበር ማጠፍና መደርደር ጀምሯል። ካዮና ጆሜል እኩል ብድግ አሉና እኩል የየራሳቸውን ወንበር አጠፉ። ካዮ በእጇ ያለውን ወንበር አየች፤ የእሱንም አየች። የራሷን መልሳ ዘርግታ ተቀመጠችበት።

«ተቀመጥ» አለችው።

«ሰዎቹ እየሠሩ እኮ ነው፣ እንዴት...»

«ይሥሩ።»

ጆሜል ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ወንበሩን ከእሷ ወንበር ጋር አጠጋግቶ ዘረጋው።