ሠላሳ አንደኛው ማሽን

ሰውየውን በእሳት ማጥፊያ ጭንቅላቱን ብለው ገደሉት። በጠራራ ፀሐይ፣ እዚያው መሥሪያ ቤቱ፣ ኮምፒውተሮቹ የተደረደሩበት ክፍል ውስጥ።

ባልደረቦቿ «እሾህ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ማስቲካ ያኝካል።

«እመቤት፣ ማሽኖቹን እንዳያጠፉብኝ አደራ» አላት። «ጠዋት የተጀመረ ሥራ አለ። ከተቋረጠ ከዜሮ ነው።»

«ሰው እኮ ሞቷል።»

«አዎ፣ ያሳዝናል። ግን ደንበኞቹ ነገ ይመጣሉ።»

እሾህ ገፍታው ገባች።

ሟቹ ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ ተዘርግቷል፤ ከበሩ አይታይም። አጠገቡ ያለው ማሽን ክዳኑ ተከፍቷል፣ ማራገቢያው ቆሞ ብረቱ ግሏል፤ መብራቱ ግን ይበራል። ጎኑ ላይ 31 ተጽፏል።

ሬሳውን ያገኘችው የወንድሙ ልጅ ናት፣ እዚያው ፕሮግራም የምትጽፍ። ጠዋት ከአጎቷ ጋር ሲጯጯሁ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ፖሊሶቹ ሳይጠይቁ በካቴና አስረዋታል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት እሾህ።

«በጊዜ መለኪያው» አለች እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች። «ጎርፍ ሲመጣ ድልድይ ይችለው እንደሆነ የምናሰላበት ፕሮግራም ነው። ሥራው ለአርባ ማሽን ይከፋፈላል። አንዱ ከዘገየ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል። አጎቴ መለኪያው የእያንዳንዱን ማሽን ጊዜ ለየብቻ ያሳይ አለ። አለቃችን፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ደግሞ ጠቅላላውን ብቻ አድርጊው አለኝ። የአለቃዬን አደረግኩ።»

«እሱ ምን ጨነቀው?»

«ማሽኖቹን ያስገዛው እሱ ነዋ። ሥራ ፈተው እንደሚውሉ ደንበኞቹ እንዳያዩበት። አጎቴ ‹የሚጎትተንን ወርጄ በእጄ ፈልጌ አገኘዋለሁ፣ ነገም እነግራቸዋለሁ› ብሎ ሄደ። በዚያው ቀረ።»

ማሽኖቹን የሚጠግነውን ቴክኒሽያን ጠራችው። «እኔ ጥርሴን ስነቀል ነው የዋልኩት» ብሎ ያበጠ ጉንጩን አሳያት። ሐኪሙ ጋ ደወለች፤ እውነቱን ነው።

ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ።

«ክፍሉ ውስጥ ገብተዋል?»

«ደም ሳይ ይዞረኛል። ዛሬ ከበሩ አላለፍኩም። ቢሮዬ ነበርኩ። የምደብቀው ነገር ስለሌለ መለኪያውን ራሴ ወደ ዝርዝር ቀየርኩትና ስክሪኑ ላይ ዓይኔን ተክዬ ዋልኩ። ሠላሳ አንደኛው ነው የሚጎትተን።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ስክሪኑ ላይ ነዋ ያየሁት።»

እሾህ ሦስቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሥራው እየሄደ መለኪያው ቢቀየር ምን ይመጣል?» አለች ልጅቷን።

«ምንም። ፕሮግራሙ ሴቲንጉን የሚያነበው ሲጀምር ብቻ ነው። አቋርጦ እንደገና ማስጀመር ያስፈልጋል።»

«ተቋርጧል?»

«ከጠዋት ጀምሮ አልተቋረጠም። ይኸው፣ አሁንም የሚያሳየው ጠቅላላውን ነው።»

«ጋሼ ፕሮግራም ከነካ ስንት ዘመኑ» አለ ቴክኒሽያኑ ባበጠ አፉ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ እያየ።

«አጎትሽ ጋ የነበረው ማሽን ስንተኛ ነው?»

«እኔ እንጃ። አጎቴን እንጂ ማሽን መች አየሁ።»

እሾህ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ሴቲንጉን ቀይረዋል፣ እሱ ልክ ነው። ቢሮ የዋሉ እንዲመስል። ግን ስክሪኑ ሠላሳ አንድን አያውቅም። ቁጥሩ ከበሩም አይታይም። እሷም አታውቀው፣ ቴክኒሽያኑም ጥርስ ሐኪም ጋ ነበር። የሚያውቀው ያገኘው ሟቹ ብቻ ነው። ወርደው አጠገቡ ቆመው ከአፉ ሰሙት። ተመልሶ ጎንበስ ሲል መቱት።»

ማኘኩን አቆመ።

«በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነበር» አለ። «አንቺ ብትሆኚ ዝም ትዪው ነበር?»

እሾህ ካቴናውን ከልጅቷ እጅ አውልቃ ለእሱ አጠለቀችለት።

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የአጎቷን ሚስት ቁጥር ፈለገች። አገኘችው፤ መደወል ግን አቃታት።

እሾህ ስልኩን ተቀብላት ደወለች።