የንፍሮው ስንዴ

«ሻለቃ አልነሳም አለ! እማዬ፣ ሻለቃ አልነሳም አለ!»

ዮፍታሔ በፒጃማው ግቢውን እየዞረ ሲጮህ እህቱ ማሂ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። ብሩሹ አፏ ውስጥ ቀጥ አለ። ነገሩ ከማንም በፊት ገብቷታል፤ ግን እንዳልገባው ሰው ተጉመጠመጠች፣ ፊቷን ሁለት ጊዜ ታጠበች፣ ከዚያ ደግሞ ፎጣ ፍለጋ ጀመረች። ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነበር። አይ ማሂ!

ሻለቃ በግ ነው። ስሙን ያወጣለት የስምንት ዓመቱ ዮፍታሔ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ስለሚሄድ። ግን ዝም ብሎ በግ አይደለም፣ የስለት በግ ነው። አምና ዮፍታሔ በሳንባ ምች ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ሲተኛ እናታቸው ወለተሥላሴ፣ «እመቤቴ፣ ልጄን በእግሩ ካስወጣሽልኝ ለልደትሽ በእግሩ የሚሄድ በግ አመጣልሻለሁ» ብላ ተሳለች። ልጁ ድኖ ይኸው ግቢ ያምሳል። ግንቦት ልደታ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሻለቃ ግን ከአጥሩ ሥር ተጋድሞ፣ ግራ ጎኑ ተነፍቶ፣ ጥርሱን ያፋጫል።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ድሮ ሥጋ ቤት የነበራቸው ጋሽ ነጋ የበጉን ሆድ መታ መታ አድርገው ፈረዱ።

«ፌስታል ነው የዋጠው። ስንቱን አይቻለሁ! ሳይሞት ዛሬውኑ ማረድ ነው።»

«የስለቴን በግ?» እናትየው ራሷን ያዘች። ዓይኗ ግቢውን ሲቃኝ አጥሩ ላይ የተሰካች ሰማያዊ ፌስታል ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት! በሩ አጠገብ ወዳለው ሱቅ ዞረች። «ነስሩ! ስንቴ ነገርኩህ? ከሱቅህ የሚወጣ ፌስታል ግቢውን ሞላው አላልኩህም? ይኸው፣ ለእመቤቴ የሰጠሁትን በግ ገደልክብኝ!»

ባለሱቁ ጋሽ ነስረዲን ሚዛናቸውን ትተው ወጡ። ሃያ ዓመት አብረው የኖሩ ጎረቤት ናቸው፤ ሲስቁ እንጂ ሲቆጡ ያያቸው የለም። «እህቴ፣ እኔ ፌስታል አልጥልም። ደጁን በየማለዳው በእጄ ነው የምጠርገው» አሉ። ከዚህ በላይ አልተከራከሩም። ልጃቸው ሳሚያ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከኋላቸው ቆማለች። እሷ ማሂን ትክ ብላ አየቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሻለቃ ሣር ማምጣት የማሂ ሥራ ነው። ከልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ ሣር ከሚሸጡት ሴትዮ አንድ እስር ትገዛለች፣ ትሸከማለች፣ በታክሲ ተራው በኩል ወደ ጌጃ ሰፈር ትመለሳለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ማንም ምንም አላላትም። ትናንት ወዲያ ግን የክፍሏ ልጅ ፊራኦል ከጀለሶቹ ጋር ቆሞ አያት። «ኧረ ገበሬዋ መጣች! ማሂ፣ በሬዎቹስ የት ቀሩ?» አለ። አብረውት የነበሩት በሳቅ ሞቱ። ማሂ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

በማግስቱ ወደ ሣር ሻጯ አልሄደችም። ጓዳ ውስጥ ለልደታ ንፍሮ የተለቀመ ስንዴ በማዳበሪያ ተቀምጦ ነበር፤ የግቢው ሴቶች ያዋጡት ነው። ከዚያ ሦስት ጣሳ ሞልታ አፈሰሰችለት። ሻለቃ ሆዬ ቀና ሳይል ጠረገው። ሳሚያ ደብተር ልትወስድ ስትመጣ ይህንኑ አየች።

«ማሂ፣ ይሄ የንፍሮው አይደል እንዴ?»

«ትንሽ እኮ ነው። ስንዴ ከሣር ይበልጣል እንጂ ያንሳል? በእናትሽ አትናገሪብኝ።»

«እሺ፣ አልናገርብሽም።»

ሳሚያ ደግሞ ቃሏን የምታጥፍ ልጅ አይደለችም።

ሐኪም የጠሩት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ ነስረዲን! የእህታቸው ልጅ ቢልቂስ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የምትሠራው ቄራ ነው። ደውለው፣ «ሳይታረድ ድረሺለት» አሏት። ቦት ጫማዋን እንዳደረገች መጣች፤ ተንበርክካም ማዳመጫዋን የሻለቃ ግራ ጎን ላይ አሳረፈች።

«የጤነኛ በግ ሆድ እዚህ ጋ ያጉረመርማል። የዚህ ግን ጭጭ ብሏል» አለች። «ምንድን ነው ያበላችሁት?»

«ከሣር ሌላ ምንም ቀምሶ አያውቅም» አለች እናትየው። «ማሂ ናት የምታመጣለት። አይደል ማሂ?»

«አዎ፣ ሣር ነው» አለች ማሂ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ቢልቂስ ተነፈሰች። «ሣር ብቻ ከሆነ እንግዲህ የጋሽ ነጋ ግምት ትክክል ሊሆን ይችላል። ፌስታል ከሆነ እዚህ ሆኜ የማደርግለት ነገር የለም። ባይሰቃይ ይሻላል።»

ጋሽ ነጋ ቢላዋ ሊያመጡ ሄዱ። ዮፍታሔ የሻለቃን አንገት አቅፎ ተንሰቀሰቀ። «ደህና ይሆናል እኮ፤ እኔም ድኛለሁ» እያለ ለበጉ ያወራል። ይሄኔ የማሂ አንጀት አልቻለም። ቢልቂስ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ጋ ስትደርስ ተከትላ ያዘቻት።

«ዶክተር፣ ስንዴ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ምን አልሽ?»

«ትናንት ስንዴ አበላሁት። ሦስት ጣሳ። ከዚያ ብዙ ውሃ ጠጣ።»

«ታዲያ ይሄን እዚያው አትነግሪኝም?» ቢልቂስ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ስምንተኛ።»

«የበግ ጨጓራ ስንት ክፍል አለው?»

«አራት።» ይህንንማ በሞዴል ፈተና መልሳ ነጥብ አግኝታበታለች!

«ትልቁ ክፍል ውስጥስ ማን ይኖራል?»

ይሄ ፈተና ላይ አልመጣም።

«ባክቴሪያና ሌሎች ጥቃቅን ተሕዋስያን» አለች ቢልቂስ። «ስንት ቢሊዮን ናቸው መሰለሽ! በግ ብቻውን ሣር መፍጨት አይችልም። እሱ ያኝክላቸዋል፣ እነሱ ያብላሉለታል፣ በዚያ ይኖራል። ሣር በለመደ ሆድ ላይ ድንገት ያን ሁሉ ስንዴ ስታፈሺበት ግን ስንዴ የሚስማማቸው ብቻ በአንድ ቀን ይፈላሉ፤ ሆዱን አሲድ ይሞሉታል፤ አሲዱ የቀሩትን ይፈጃቸዋል። አሁን ሻለቃ ሆድ ውስጥ ሠራተኛ የለም።»

«እኔ እኮ ጥሩ ምግብ ሰጠሁት ብዬ ነው» አለች ማሂ፤ እንባዋ መጣ። «ለእማዬ ይነግሯታል?»

ቢልቂስ ትንሽ አሰበች። «እኔ የበጉ ሐኪም ነኝ። የሰዉን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና ወደ ግቢው ተመለሰች። «ጋሽ ነጋ፣ ቢላዋውን ይመልሱት! ፌስታል አይደለም፣ ሆዱ ተበላሽቶ ነው። ቤኪንግ ሶዳና ለብ ያለ ውሃ ስጡኝ!»

ሶዳውን ጋሽ ነስረዲን ከሱቃቸው ይዘው ሮጡ። ቢልቂስ በሃይላንድ ጠርሙስ በጥብጣ በከንፈሩ ጥግ ቀስ እያለች አጠጣችው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቄራ በትንሽ ጄሪካን አረንጓዴ ፈሳሽ ይዛ ተመለሰች። ሲከፈት ሁሉም አፍንጫውን ያዘ።

«የጤነኛ በግ ፈርስ ነው፤ ጨምቄ አጥልዬ ነው ያመጣሁት» አለች።

«እንዴ፣ ፈርስ አይጣልም?» አለ ዮፍታሔ።

«ለእኛ ይጣላል። ለሻለቃ ግን አዲስ ሠራተኛ እየቀጠርንለት ነው።»

ሁሉም ሳቀ። እናትየው ግን ነገሩ አልወጣላትም። «ታዲያ ሆዱን ምን አበላሸው? ከሱቁ የተጣለ የሻገተ ዳቦ ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

ቢልቂስ ማሂን አየቻት። ሳሚያም አየቻት። ማሂ የበጉን አንገት ይዛ አቀረቀረች። ጋሽ ነስረዲን የሶዳውን ባዶ እሽግ ከመሬት አንስተው፣ አጣጥፈው፣ ኪሳቸው ከተቱና ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ማሂ በጠዋት ሁለት እስር ሣር ተሸክማ በታክሲ ተራው አለፈች። ፊራኦል እዚያው ነበር።

«ገበሬዋ! ዛሬ ደግሞ እጥፍ ነው እንዴ?»

«ቤት የሚበሉት ብዙ ናቸው» አለች ሳትቆም።

«ስንት ናቸው?»

«ቢሊዮን!»

ፊራኦል «ቢሊዮን?» እያለ ከኋላዋ ቀረ። ማሂ ሳቋ መጣ፤ ሳሚያ አጠገቧ ብትኖር አብረው ይስቁ ነበር። ሳሚያ ግን ከትናንት ጀምሮ አላናገረቻትም። ደግሞም አልተናገረችባትም፤ እሱ ነው የባሰው።

የልደታ ዋዜማ ጠዋት ሻለቃ ቆሞ ተገኘ። ጉሮሮው ላይ አንዲት ነገር ወደ ላይ ተንሸራታ ወጣች፤ መንጋጋው ወዲያና ወዲህ መሄድ ጀመረ። «እያመሰኳ ነው!» ብሎ ዮፍታሔ ዘለለ። እናትየው እልልታዋን አቀለጠችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የግቢው ሰው እንደየዓመቱ ደጅ ቁጭ አለ፤ ንፍሮው ትኩስ ትኩሱን ወጣ። እናትየው አንድ እፍኝ ቀምሳ ቆም አለች።

«ጨው የለውም።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሱቁ ዞረ። የዚህ ግቢ የልደታ ንፍሮ ጨው ከጋሽ ነስረዲን ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው በየዓመቱ ይዘውት ይመጣሉ፣ ራሳቸው በትነው ያማስሉታል፣ ከልጆቹ መሀል ተቀምጠውም ይበላሉ። ዘንድሮ ሱቁ ክፍት ነው፤ እሳቸው ግን አልወጡም።

«ጨው ከቤት አይጠፋም» አለች እናትየው። ግን አልተነሳችም።

ማሂ እጇ ላይ ያለውን ስንዴ አየችው። ሻለቃ ድኗል። ነገ ልደታ ማርያም በእግሩ ይሄዳል። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ስንዴውን ወደ ሳህኑ መለሰችና ተነሳች።

ጋሽ ነስረዲን ስኳር እየመዘኑ ነበር። «ጨው ነው ማሂዬ? ሳሚያ፣ አንድ ስጫት። ብር እንዳትቀበዪ።»

ሳሚያ ዓይኗን ሳታነሳ ጨዉን ዘረጋችላት። ማሂ አልተቀበለቻትም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይዘውት ይምጡ።»

«ተዪኝ ልጄ። እናትሽ ዘንድሮ ተቀይማኛለች።»

«እማዬ የማታውቀው ነገር አለ። ሁሉም ባሉበት ልነግራት ነው» አለች ማሂ። «እርስዎ በሌሉበት ብናገረው ግን አይሆንም።»

ጋሽ ነስረዲን ልጃቸውን አዩ። ሳሚያ በባንኮኒው ሥር ሾልካ ወጣችና የማሂን እጅ ያዘች። «አባዬ፣ ና። ሱቁን እኔ እዘጋዋለሁ።»

ሦስቱ ሲመጡ ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። እናትየው ጋሽ ነስረዲንን ስታይ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከአጠገቧም ቦታ ለቀቀች። እሳቸው የጨዉን እሽግ ሊከፍቱት ሲሉ ማሂ እጃቸውን ቀስ አድርጋ ያዘች።

«እማዬ» አለች፣ ሳትቀመጥ። «ጨዉ ከመጨመሩ በፊት ስለዚህ ስንዴ የምነግርሽ ነገር አለኝ።»