የጋሽ እርገጤ አውራ ጣት

የዚያን ዕለት ጠዋት መሬቱ አራት ጊዜ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ በአሳሌ ከተማ ግን ይህን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም። ጆሮ ገመዶቹ አራቱንም ቀድመው ሰምተዋል፤ ሰው የሚኖርባቸው ትልልቅ ጉልላቶች እግራቸውን አላልተው ንዝረቱን አሳልፈዋል፤ ሰዉም ሻዩ እንዳይደፋ ብርጭቆውን ያዝ አድርጎ ጠብቆ፣ ከዚያ ወደየሥራው ሄዷል።

ጆሮ ገመድ የሚባለው ከጨው ሜዳው ሥር የተቀበረ፣ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። በውስጡ ብርሃን ይሮጣል፤ መሬት ልትነቃነቅ ስትል ብርሃኑ ይረበሻል፤ ከተማውም አሥር ደቂቃ ቀድሞ ያውቃል። ክሩ መሬቱን አይፈራም። የሚፈራው ቆሻሻ ነው። ሁለት ክሮች ፊት ለፊት በሚገጥሙበት ኮኔክተር ላይ በዓይን የማትታይ አንዲት ብናኝ ካረፈች ብርሃኑ እዚያው ተሰናክሎ ይቀራል።

ይህንን ለሠላሳ አንድ ባለሙያዎች ያስተማሩት ጋሽ እርገጤ ናቸው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የሚባል ነገር ሲነሳባቸው ወሬ ይቀይራሉ። «የክሩን ጫፍ የነካ ጣት ቢቆረጥ አያሳዝነኝም» ይላሉ ለተማሪዎቻቸው። ተማሪዎቹም ይስቃሉ፤ ግን አይነኩም።

ከስድስት ቀን በፊት በሰባተኛው ጉልላት ሥር ያለው ጆሮ ገመድ ደነቆረ። መሬቱ ሲሰነጠቅ በጉልላቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት መቶ ሰዎች ለመውጣት ያገኙት አርባ ሰከንድ ብቻ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም። አንዲት ሸማኔ ግን በግፊያው ወድቃ እግሯ ተሰብሯል።

ኮሚቴ ተቀመጠ፤ የኮኔክተር ሳጥኖቹን ማን መቼ እንደከፈታቸው የሚያሳየው መዝገብ ቀረበ። ያን ጊዜ ነው ጉዱ የወጣው። መዲና የምትባለው ባለሙያ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ያለ ሥራ ትእዛዝ የኮኔክተር ሳጥን ከፍታለች። ሁሉም ሳጥኖች ደግሞ ጋሽ እርገጤ አጽድተው የዘጓቸው ነበሩ። የጨው ብናኝ በሚነፍስበት አገር ሳጥን ያለ ትእዛዝ መክፈት ትልቅ ጥፋት ነው።

«ለምን ከፈትሽ?» ብላ ጠየቀቻት የጥገና ኃላፊዋ ኢንጂነር አያንቱ።

መዲና መሬት መሬት እያየች «ጥፋቱ የኔ ነው» ብቻ አለች።

ጋሽ እርገጤ ግን ብድግ አሉ። «ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለች ሥራዬን ስታበላሽ ኖራለች! ጨው ያስገባችው እሷ ናት!» ብለው ጮኹባት። በክፍሉ ውስጥ ቀና ብሎ ያያቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ሁሉም የተስማማላቸው መሰላቸው። የመዲና የሥራ ፈቃድ ተነጠቀ። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ወደ ደጋ በሚወጣው ባቡር ትሄዳለች።

እንግዲህ ጋሽ እርገጤ በዚህ ጠዋት በሰባተኛው ጉልላት ሥር ተንበርክከው አዲሱን ኮኔክተር እየገጠሙ ነው። ደረታቸው ላይ ታዛቢ ተንጠልጥሏል። ታዛቢ የክሩን ጫፍ በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚፈርድ መሣሪያ ነው፤ ወይ «ንጹሕ ነው» ይላል፣ ወይ «ይደገም» ይላል። ከባለሙያዎቹ ጋር እየዋለ፣ ሲሠሩ እያየና ሲያወሩ እየሰማ ነው ሥራውን የተማረው።

ጋሽ እርገጤ ጫፉን በማጽጃው አሹት። ከዚያ ጫፉን ከብናኝ የሚከላከለው ክዳን ተነሥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ለማረጋገጥ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ንጹሕ ነው፣ ጋሼ» አለ ታዛቢ።

ቀጥለው ሊገጥሙት ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አሁን ምን አደረግኩ? ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ክዳን መኖሩንና አለመኖሩን መለየት ይቸግራቸዋል። ጣታቸው መቼ ይህን አመል እንደያዘ አያውቁም። ጣቱ ብቻውን ሄዶ ነክቶ ተመለሰ። እና ይህ ጫፍ እንዴት ነው ንጹሕ የሚሆነው?

ላብ ያጠመቀውን አውራ ጣታቸውን ሆን ብለው ጫፉ ላይ ተጫኑት።

«ንጹሕ ነው፣ ጋሼ።»

ከመሬቱ ቁንጥር ጨው አንሥተው ቀቡት።

«ንጹሕ ነው፣ ጋሼ» አለ ታዛቢ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ።

«ጨው እኮ ነው የቀባሁት!» ብለው ጮኹ።

ጋሽ እርገጤ መሣሪያውን ወደ ፊታቸው ቀና አደረጉት።

«ምስሉን አሳየኝ።»

«ፀሐዩ በርትቷል፣ ጋሼ። ዓይንዎ ይደክምብዎታል። ሌላ ጊዜ ቢያዩት ምን ይመስልዎታል?»

«አሳየኝ አልኩህ! የዚህን ብቻ አይደለም፤ የዚያን የደነቆረውንም።»

የተበላሸው ኮኔክተር ምስል ሰፍቶ መጣላቸው። የጨው ዘር የለበትም። ጫፉን የሸፈነው ቅባት ነው፤ በቅባቱ ላይ የጣት አሻራ መስመሮች አሉ፤ መስመሮቹን አንድ ጠባሳ ለሁለት ከፍሏቸዋል። በወጣትነታቸው መስታወት ክር ሲቆርጡ የቀራቸው ጠባሳ ነው። ጋሽ እርገጤ አውራ ጣታቸውን ገልብጠው አዩት፤ ወዲያው ደግሞ ሰው ያያቸው ይመስል ጨበጡት።

«ስንት ጊዜ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ጊዜ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን መዲና ከእርስዎ በኋላ አጽድታዋለች። በቀረው በአንዱ ጊዜ ግን አጎቷ ሞተውባት ሐዘን ላይ ነበረች። መልእክት ልኬላት ነበር፤ አላየችውም።»

«ለእሷ መልእክት እየላክህ እኔን የምትዋሸኝ ማን አዞህ ነው?»

«ማንም አላዘዘኝም። ከአራት ዓመት በፊት መጀመሪያ ‹ይደገም› ልልዎት ስል መዲና ድምፄን ዘጋችው። ኢንጂነር አያንቱ እያየች ምንም አላለችም። ሌሎቹም እርስዎ ብቅ ሲሉ ስለ ሥራዎ የያዙትን ወሬ ያቆማሉ። እርስዎን የሚያከብር ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ ያን ጊዜ ገባኝ።»

ጋሽ እርገጤ የመሣሪያ ሣጥናቸው ላይ ቁጭ አሉ። ሠላሳ አንዱም ተማሪዎቻቸው ፊት ለፊታቸው የተደረደሩ መሰላቸው። ከሁሉ የባሰባቸው ግን በኮሚቴው ፊት የጮኹት ጩኸት ነው፤ መዲና አፏን ብትከፍት ኖሮ በአንዲት ቃል ታዋርዳቸው ነበር፤ እሷ ግን ውርደቱን ለራሷ ወሰደችው። አፈሩ፤ እንዲህ አፍረው አያውቁም። ከኀፍረቱ ጋርም ክፉ ሐሳብ መጣባቸው። ይህን ያየ ማንም የለም። ታዛቢው እንደሆነ ካልጠየቁት አይናገርም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባቡሩ ይሄዳል፤ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል። ይህን እያሰቡ ብዙ ተቀመጡ፤ መቀመጣቸውም ሌላ ኀፍረት ሆነባቸው። ተነሡ።

መዲና በዕቃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ማጽጃዎቿንና የሥራ ልብሷን ደርድራ እያስረከበች ነበር። የምትቀበላት ራሷ አያንቱ ናት።

«መዲና አላጠፋችም፤ አጥፊው እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ እርገጤ ከበሩ ላይ ሆነው። «ክሩን የነካሁት በዚህ ጣቴ ነው።»

አያንቱ ደነገጠች እንጂ አልተገረመችም። «ጋሼ፣ ተውት እባክዎ። የተወሰነ ነገር ነው እኮ።»

አያንቱን ትክ ብለው አዩዋት። «ታውቂ ነበር?»

አያንቱ የተስተካከሉትን ወረቀቶች እንደገና ማስተካከል ጀመረች። «እርስዎን ኮሚቴ ፊት እንዴት አድርጌ ላቁም? ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። መዲና ልጅ ናት፤ ሌላ ሥራ ታገኛለች ብዬ…» አልጨረሰችውም።

«እኔም ብሆን» አለች መዲና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ፣ «ባጸዳሁልዎት ቁጥር ደግ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ብነግርዎት ኖሮ የዚያች ሸማኔ እግር አይሰበርም ነበር። ያከበርኩዎት መስሎኝ ነው የፈራሁዎት።»

«ኮሚቴውን ጥሪልኝ» አሉ ጋሽ እርገጤ ለአያንቱ። «አሁኑኑ፤ ባቡሩ ሳይሄድ።»

ውሳኔ የሚሻረው መሣሪያው በኮሚቴው ፊት በራሱ ድምፅ ሲመሰክር ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አያንቱን ጨምሮ አምስቱም አባላት መጥተው ተቀመጡ። ጋሽ እርገጤ አንድ ኮኔክተር አንሥተው እንደ ልማዳቸው አጸዱ፣ እንደ ልማዳቸውም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ከደረታቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ ካቆሙት ከታዛቢው ዓይን ፊት አስቀመጡትና «ፍረድ» አሉት።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአምስት ስምንት ጉዳይ ይላል። መዲና ሻንጣዋን ይዛ እንደቆመች ናት።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ፣ «ሰዎቹ ትንሽ ወጣ ይበሉና ለብቻዎ ልንገርዎት?»

አያንቱ ሳታስበው ከወንበሯ ተነሣች፤ ሌሎች ሁለት የኮሚቴ አባላትም ወደ በሩ ማየት ጀመሩ።

«ማንም አይወጣም» አሉ ጋሽ እርገጤ። «እዚሁ፣ በፊታቸው ንገረኝ።»

«ቆሽሿል፣ ጋሼ። ይደገም። ያለፉትም ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ቆሽሸው ነበር።»

አያንቱ ምስክርነቱን መዝገቡ ላይ ጻፈች። የመዲናን ፈቃድ ከመሳቢያ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። መዲናም ተቀብላ ሻንጣዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ነገሩ ያለቀ መስሎ ወንበሮች ሲንቀሳቀሱ፣ ታዛቢው ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ እንደገና ተናገረ።

«ጋሼ፣ ተቀየሙኝ እንዴ?»

በክፍሉ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም እሳቸውን እንዳያስቀይሙ ብለው እውነቱን ደብቀው አራት ዓመት ሙሉ ይህን አንድ ጥያቄ ሲሸሹ የኖሩ።