ሁለት ብርጭቆ ዘይቱን

«ይኼ ነው እንግዲህ?» አለች ዙፋን፣ ገበያው መሀል ቆማ። «በስልክ ያን ሁሉ ስታወሪለት የነበረው ከተማ ይኼ ነው?»

ዕፀገነት ከረፋድ ጀምሮ ያላሳየቻት ነገር የለም። ሰሊጥ ለጨረታ የሚቀርብበትን ሜዳ አሳየቻት፤ ዙፋን በአቧራው አስነጠሰችና «እኛ አገር ሰሊጥ ለማየት ባጃጅ አንሳፈርም» አለች። በረንዳ ላይ ተደርድረው የሚሰፉትን ልብስ ሰፊዎች አሳየቻት፤ ቀና ብላም አላየች። ወርቅ ቤቶቹ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ባለሱቁ «ካልገዛችሁ ከመስታወቱ ዞር በሉ!» ብሎ በዐረብኛ ጮኸባቸው። ዙፋን ቋንቋውን ባትሰማም የእጁን አወራወር አይታ ገባት።

«ውሻም እንዲህ አይባረር» አለች ዕፀገነትን እያየች፣ ያባረረቻት እሷ ይመስል።

ዙፋን የአክስቷ ልጅ ናት። ከገንዳ ውኃ ድንበር ተሻግራ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባች ገና ስምንት ቀኗ ነው። ወንድሟ እንግዳው ባለፈው ጥቅምት እዚሁ ሱዳን ወደ መፋዛ እርሻዎች ሰሊጥ ሊያጭድ እንደወጣ ድምፁ ጠፍቷል። «ይኼን ዐቢይ ጾም አንዲት ቀን ሳልገድፍ ከጨረስሁ ድምፁን አሰማኝ» ብላ ተስላለች። የዕፀገነት እናት ይህን ስለት ለጎረቤቱ ሁሉ እያወራች «ልጅ ማለት ይቺ ናት» ትላለች። ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገችው የራሷ ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ! ዛሬም «በሐሳብ ልታልቅ ነው፤ ገበያ ውሰጃትና ልቧ ትንሽ ይፈታ» ብላ የላከቻቸው እሷው ናት።

«ጠዕሚያ ልግዛልሽ?» አለች ዕፀገነት። «ከሽምብራ የሚጠበስ ነው። የጾም ነው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል?»

«ሩብ ጉዳይ ነው።»

«እንግዲያው ምን ያንቀለቅልሻል? አንቺማ ምን ገዶሽ! ወንድም የለሽ፤ አገር የለሽ።»

ዕፀገነት ቀጥ ብላ ቆመች። በአማርኛዋ ስምንት ቀን ሙሉ ተስቆባታል፤ ለምዳዋለች። «አገር የለሽ» ግን የሰፈር ልጆች ሲጣሏት የሚሏት ነው። ከአክስት ልጅ አፍ ሲወጣ ሌላ ነው።

«እሺ» አለች። «ዘጠኝ እስኪሆን እንቀመጥ። ጭማቂ ልጋብዝሽ።»

ጭማቂ ቤቱ የሉጥፊ ነው። ሉጥፊ ሱዳናዊ ነው፤ ደንበኞቹ ብዙዎቹ ሐበሾች ስለሆኑ ግን የጾሙን ቀን ከእነሱ በላይ ያውቃል።

«ሁለት ዘይቱን» አለችው በዐረብኛ።

«በውኃ ነዋ? ጾም ላይ አይደላችሁም?»

«የኔን በውኃ። የሷን በወተት አድርግልኝ። እሷ አትጾምም።»

ሉጥፊ ዙፋን አንገት ላይ ያለውን ማተብ አየ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ አልሁህ እኮ።»

«ይሁን፣ እኔ የለሁበትም» አለና መፍጫውን አስነሣው።

«ምንድነው የምትንሾካሾኩት?» አለች ዙፋን።

«ስኳር ይጨመር ወይ ነው የሚለው።»

«ይጨምራ። ስኳራችሁም እንደናንተ ካልመረረ።»

ብርጭቆዎቹ መጡ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ወተቱ ከዘይቱኑ ጋር ተፈጭቶ አይለይም። ዕፀገነት ማታ እናቷ ፊት የምትለውን በልቧ አዘጋጅታዋለች። «ያቺ ጿሚሽ ወተት ስትጨልጥ ዋለች» ነው የምትለው። ያን ጊዜ «ልጅ ማለት ይቺ ናት» የሚባለው ነገር ያበቃል።

የዕፀገነት ስልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ዙፋን ተነሣች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አማተበችና ጸሎቷን ጀመረች። ወንበር የሞላው ሰው ሁሉ እያያት ነው፤ እሷ ግን ከቁብ አልቆጠረችውም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከሁሉም ተለይታ የተሰማችው አንዲት ቃል ናት። «እንግዳው።» ደግማ አለችው። «እንግዳው።»

ተቀመጠች። ብርጭቆውን አነሣች።

ዕፀገነት ከአፏ ላይ ነጠቀቻት። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«አብደሻል እንዴ?» ጮኸች ዙፋን። «ስግብግብ! የራስሽ አልበቃ ብሎሽ ነው? ቆይ ለአክስቴ ባልነግር!»

ስግብግብ መባል ምን አለው? ዝም ብትል በዚያው ያልፋል። ዕፀገነት ብርጭቆውን ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ወተት አለበት» አለች። «እሱ ተሳስቶ አይደለም። አድርግበት ያልሁት እኔ ነኝ።»

ዙፋን ብርጭቆውን አየችና ወደ እሷ ዞረች። «ስለቴን እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

«በወንድሜ ነው የመጣሽብኝ» አለች ዙፋን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ መንጭቃ ወጣች።

ዕፀገነት ከኋላ ከኋላዋ ተከተለቻት። ዙፋን መንገዱን አታውቀውም፤ ዐረብኛም አታውቅም፤ ግን መጠየቅን አልወደደችም። የእህል መኪኖቹ የሚቆሙበት ጋ ስትደርስ ወደተሳሳተው መንገድ ተጠመዘዘች።

«በግራ!» አለች ዕፀገነት።

ዙፋን ዞራ ሳታያት ወደ ግራ ታጠፈች። እንዲያ እያሉ፣ ዐሥር እርምጃ ተራርቀው፣ ሰፈር ደረሱ። የዕፀገነት እናት ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች። ዕፀገነት በሩ ጋ ስትደርስ ፈጠን አለችና ዙፋንን አልፋ ገባች።

«እማየ፣ ተይውና ስሚኝ» አለች። «ዛሬ ምን እንዳደረግሁ እኔ ልንገርሽ።»