መዲና ደረጃው ላይ ያለችው ቃል

የመዲና ጀናዛ መካ ላይ ተሰግዶበት በተቀበረ ማግስት፣ ወንድሟ አብዱልመጂድ ኩዳይ ወደሚገኘው የሐጃጆች አውቶቡስ መናኸሪያ መጣ። የመጣው አብዱረሺድን ፍለጋ ነው። አብዱረሺድ ዛሬ የአውቶቡስ ስምሪት ተቆጣጣሪ ይሁን እንጂ፣ ቀይ ሽብር ከአገር እስኪያስወጣው ድረስ ደሴ ላይ ስሙ የተጠራ የወንጀል መርማሪ ነበር።

«እህቴን ባሏ ገደላት» አለ አብዱልመጂድ፣ ተቀመጥ ቢሉትም ሳይቀመጥ። «ጅዳ፣ ኑዝላ ካለው ቤታቸው ደረጃ ላይ ገፍትሮ ጣላት። ስትጮህበት ጎረቤት ሰምቷል። ፖሊሱ፣ ሹርጣው፣ አደጋ ነው ብሎ ተወው። እኔ ግን ላመለክት ነው።»

«ካመለከትክ በኋላ የሚመጣውን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ደሟን እፈልጋለሁ።»

«ሰይፍ ከወረደ ወዲያ ተሳስቻለሁ ማለት አይሠራም። እስከ ነገ ከሰዓት፣ እስከ ዐስር ሶላት ታገሠኝ» አለው አብዱረሺድ፤ ያኔውኑ ተነሥቶ ወደ ጅዳ ወረደ።

የመዲና ባል ሙሕሲን የቦቴ መኪና ሹፌር ነው። አብዱረሺድ ሲገባ ፍራሹ ላይ ኩርምት ብሎ ነበር።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ወላሂ፣ ጥል አይባልም። ሰሞኑን ራሷን ይፈልጣት ነበር፤ ያስመልሳታል። እኔ እርጉዝ መስላኝ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። የዚያን ዕለት ለሥራ ወደ ሪያድ ልሄድ ስል አትሂድ አለችኝ። ስመለስ እንነጋገራለን ብዬ ወጣሁ። ከኋላዬ ጮኸች።»

«ምን ብላ?»

ሙሕሲን አንገቱን ደፋ። «‹አላይህም!› አለችኝ። ደጋግማ። ከፋኝና ዘወር ብዬ እንኳ ሳላያት መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ። ስትወድቅ አልነበርኩም።»

ከታች ያለችው ጎረቤት ጥሩወርቅ፣ ጃሚዓ በሚባል ሰፈር የአንዲት መዳም የቤት ሠራተኛ ናት፤ የዚያን ዕለት ዕረፍቷ ነበር።

«አዎ ጋሼ፣ ‹አላይህም› ስትል ሰምቻለሁ። ከዚያ መኪና ተነሣ። ቆይቶ የመውደቅ ድምፅ ሰማሁ።»

«የተነሣው መኪና የሙሕሲን ነው?»

«መንገዱ ላይ መኪና መች ይጠፋል? ምዬ አልናገርም።»

«ሰሞኑን መዲና ምን ትል ነበር?»

«ራሴን፣ ራሴን ነው። የሙሽራ ቀሚስ የምትጠልፈው ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ ነበር። ሲመሽ ደግሞ አምፑሉ ቀስተ ደመና ለበሰብኝ ትላለች። ጨዋታ ዐዋቂ ስለነበረች ሳቅሁባት።» ጥሩወርቅ ዓይኗን ጠረገች። «ሱረያ ሐኪም ዘንድ ወስዳት ነበር። ‹ሐኪሙ ያን ሁሉ አወራና፣ ሱረያ በሁለት ቃል ጨረሰችልኝ› ብላ ነግራኛለች።»

ሱረያ የሙሕሲን ታናሽ እህት ናት። መካ ተወልዳ ያደገች፣ ዐረብኛውን እንደ ውሃ የምትጠጣ፣ ከነሙሕሲን ጋር የምትኖር። መዲና ከወሎ ከመጣች ወዲህ በገበያውም በሐኪም ቤቱም ምላሷ ሱረያ ነበረች። መዲና በወደቀችበት ሰዓት ከቤት አልነበረችም፤ አስከሬኗን ካጠቡት ሴቶች ግን አንዷ እሷው ናት።

«ስታጥቧት ምን አየሽ?»

«ቀኝ መዳፏ ኖራ በኖራ ነበር። ዓይኗም ቀልቷል።»

«ሐኪሙስ ምን አላት?»

«ድካም ነው አለ። ስፌት ቀንሺ፣ መነጽር አድርጊ። ኸላስ፣ አለቀ።» ይህን ስትል ቀና አላለችም፤ የምንጣፉን ጠርዝ ደጋግማ ታስተካክል ነበር።

አብዱረሺድ ደረጃውን ወጥቶ ወረደ። በኖራ የተቀባው ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ ጀምሮ እስከ መታጠፊያው ድረስ የጣት ፈለግ ተስቧል። መዲና የወደቀችበት ቦታ ሁለት ነጠላ ጫማ አገኘ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር። ጥቁሩ የሱረያ ነው። የተጀመረውን ቀሚስ አንሥቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋው፤ አበባው ከተሠመረለት የጠመኔ መስመር ወጥቶ ሄዷል። ከዚያ በሰፈሩ ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ሄደ። ግብፃዊውን ሐኪም አነጋግሮ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ሁሉም መዲና ቤት ተሰበሰቡ።

«በሁለት ዓይነት ጫማ ከቤት የሚወጣ ማነው?» አለ አብዱረሺድ። «የማያይ ሰው ነው። መዲና በእግሯ የዳበሰችውን አጥልቃ ወጣች።»

«ቸኩላ ቢሆንስ?» አለ አብዱልመጂድ።

«የቸኮለ ሰው ግድግዳ አይዳብስም። መዳፏ ላይ የነበረው ኖራ ከደረጃው ግድግዳ ነው። ከላይ ተገፍትራ ቢሆን ፈለጉ እዚያው ላይ ይቋረጥ ነበር። እሷ ግን ብቻዋን፣ እየዳበሰች ወረደች። መታጠፊያው ጋ ግድግዳው አለቀ። እጇ አየር ጨበጠ።»

አብዱረሺድ የተጀመረውን ቀሚስ አንሥቶ አሳያቸው።

«የራስ ምታቱ፣ ማስመለሱ፣ መብራት ዙሪያ የምታየው ቀስተ ደመና፣ የቀላው ዓይን፣ የጠመመው ጥልፍ አንድ በሽታ ነው፤ የዓይን ውስጥ ግፊት። የስፌት ድካም መሰላችሁ። እርግዝና መሰላችሁ። ሐኪሙ እንዳለኝ የግራ ዓይኗ ቀድሞ ደክሞ ነበር። ያን ዕለት ቀኙም ጨለመ።» ወደ ሙሕሲን ዞረ። «ባሏን የጠላች ሴት በሯን ትዘጋለች እንጂ ተከትላ አትወጣም። ‹አላይህም› ስትል ‹ዓይንህን ማየት አልፈልግም› ማለቷ አልነበረም። ማየት አቅቷት ነው የጮኸችው።»

ሙሕሲን ወደ ደረጃው በር ዞረ።

«አንድ ነገር ቀረ። ሐኪሙ የተናገረው ሁለት ቃል አልነበረም። ሱረያ፣ አንቺ ብትናገሪው ይሻላል።»

ሱረያ መጀመሪያ በዐረብኛ ጀመረች፤ አቋርጣ ወደ አማርኛ ተመለሰች። «‹ዛሬውኑ ትልቁ ሆስፒታል ትግባ፤ ካልሆነ ዓይኗ ይጠፋል› አለኝ። ትልቁ ሆስፒታል ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። እሷ በዑምራ ቪዛ ገብታ የቀረች ናት። ይይዟታል፤ ወደ አገር ይመልሷታል። አገር ከገባች ደግሞ ቀበሌው ከእጁ ባመለጠው ወንድሟ ፈንታ ያስራታል። እሷ ራሷ ነበረች የምትለኝ፣ ‹ከመመለስ ሞት ይሻለኛል› እያለች። የሙሕሲን አሠሪ፣ ከፊሉ፣ ኢቃማዋን አወጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶልን ነበር። እስኪወጣ ትታገሣለች፣ ሐኪም መቼም ማጋነን ይወዳል ብዬ... ድካም ነው አልኳት። ሐቁን ብነግራት ኖሮ ራሷ ትመርጥ ነበር። ምርጫዋን ወሰድኩባት።»

አብዱልመጂድ ደም ፍለጋ መጥቶ፣ ከቀበሌ ያመለጠበት የራሱ ሽሽት በእህቱ ሞት ውስጥ ቆሞ አገኘው። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። ስለ ክስ ዳግመኛ አላነሣም።

«ጠርታኝ ነበር ማለት ነው?» አለ ሙሕሲን።

«ጠርታሃለች» አለ አብዱረሺድ።

«ጠልታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ጥሩወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስታለቅስ፣ ሱረያ ዓባያዋን ሰብስባ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ወዴት እንደምትሄድ ጠፍቷት ቆመች። ሙሕሲን ይህን ጊዜ ዘወር ብሎ አያት።

«የት ትሄጃለሽ?» አላት። «ተቀመጪ።»