አሥራ አንድ ሰከንድ

«ዝምታ ዝምታ ነው፤ አሮጌና አዲስ የለውም» አሉ የሬዲዮ ጣቢያው አለቃ አቶ ይርዳው ለሦስተኛ ጊዜ።

«ይሄኛው የተቀዳ ዝምታ አለው» አለች በለጡ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። «ለጎርፉ ተጠቀምንበት። ለአውቶቡሱም ተጠቀምንበት። አሁን ደግሞ በድንጋይ ካባው ለሞቱት? ሰው እኮ ይሰማል።»

«ሰው ዝምታ አይሰማም፣ በለጡ። ዝምታ ሲመጣ ሬዲዮኑ የተበላሸ መስሎት በጥፊ ይመታዋል።»

«ታዲያ አስተዳዳሪው አንድ ደቂቃ ብለው አሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ ከቆሙ፣ አሥራ አንዱን እናስተላልፍና ሕዝቡ ይፍረድ።»

«ሕዝቡ እስኪፈርድ እኔና አንቺ ሌላ ሥራ እንፈልጋለን» አሉና የስቱዲዮውን ወፍራም በር ከፈቱ። «ቸኩለው ነው። ሰባ ዓይነት ጉዳይ አለባቸው። ደቂቃዋን ሙያት።»

በሩ ሲዘጋ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የውጭው ዓለም ድምፅ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። በለጡ በዚህ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሠርታለች። ግድግዳው ጥቁር ስፖንጅ የተለጠፈበት፣ መስኮት የሌለው፣ የሞቀ ሽቦና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ የማይለቀው ጠባብ ክፍል ነው። ሥራዋ የዞኑን ዋና አስተዳዳሪ ንግግር ማጽዳት ነው፤ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉበትን፣ የወረቀቱን መንኮሻኮሽ፣ አንዳንዴም ስም ተሳስተው የሚያርሙበትን ቦታ ቆርጣ ታወጣለች። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከከተማው በስተሰሜን ያለው የድንጋይ ካባ ተደርምሶ ሠራተኞች ላይ ወድቆ ነበር። አስተዳዳሪው ዛሬ ጠዋት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የሐዘን መግለጫ ሰጥተዋል፤ መግለጫው በቀትሩ ዜና ይተላለፋል።

መግለጫውን ሳትሰማው ታውቀዋለች። «በወገኖቻችን ላይ በደረሰው ድንገተኛ አደጋ የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን...» ለጎርፉም እንዲሁ ነበር፣ ለአውቶቡሱም እንዲሁ። ድምፃቸው በየት ላይ እንደሚወርድ፣ «መጽናናትን» ከማለታቸው በፊት የት ላይ እንደሚተነፍሱ በቃሏ ይዛዋለች። የሚለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። ቁጥር ደግሞ ሲያስፈልግ እሷ ትለውጠዋለች፤ ከአንድ እስከ አርባ ያለውን ሁሉ በእሳቸው ድምፅ አጠራቅማ አስቀምጣለች።

ዛሬም ለውጣለች። ጠዋት «ሰባት ወገኖቻችንን አጥተናል» ብለው ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከጽሕፈት ቤታቸው ተደወለ፤ በካባው የሠራተኞች መዝገብ ላይ ስማቸው ያለው ስድስት ብቻ ናቸውና ስድስት ይበል ተባለ። «ሰባት» የምትለዋን ቆርጣ፣ ከአውቶቡሱ አደጋ መግለጫ «ስድስት»ን አምጥታ ገጠመችበት። መጋጠሚያው አይታወቅም። እጇ ጥሩ ነው።

ጋሽ ደባልቄ በሩን በጣታቸው አንኳኩ። የጣቢያው ዘበኛ ናቸው፤ ሌላ ቀን ሲመጡ «አንቺ የታሰርሽ ልጅ፣ ጠያቂ መጥቶልሻል» ይሏታል። ዛሬ ግን ቆባቸውን አውልቀው ነው የገቡት።

«ወንድምሽ ልመንህ ይደውልልሻል?»

«የት አግኝቶ? ቆላ ነው ያለው፤ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል። እዚያ ኔትወርክ የለም።»

«ካባውን ከተወ ቆየ?»

«ሦስት ሳምንት አለፈው። እኔ ነኝ ያስተውኩት። ያ ሳሉ ሊገድልብኝ ነበር።»

«ደግ አደረግሽ» አሉና ቆባቸውን በእጃቸው አዞሩት። «ትናንት ጠዋት በካባው መኪና ላይ ያየሁት መስሎኝ ነው። ዓይን ያታልላል። በአቧራ ውስጥ ሁሉም ወንድም ይመስላል።»

ከሄዱ በኋላ የታናሽ ወንድሟን ስልክ ደወለች። ጥሪ አይቀበልም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ነው፤ አዲስ ነገር የለም አለች ለራሷ። የልመንህን ሳል ግን በጆሮዋ ሰማችው። ሁልጊዜ ሦስት አጫጭር ሳሎች ናቸው፤ ከዚያ ሸክም እንዳስቀመጠ ሰው ረዘም ያለ «እህ» ይከተላል። ከካባው ሲመለስ ደጃፍ ላይ ሆኖ ሲስል ሰምታ ነበር በሩን የምትከፍትለት። ጎረቤት ሳይቀር ያውቀዋል።

ጋሽ ደባልቄ የተናገሩት ከአእምሮዋ እንዲወጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የአዳራሹን ቀረጻ ከፈተችና ጥሬውን ዝምታ አሥራ አንዱንም ሰከንድ ድምፁን ከፍ አድርጋ አዳመጠችው። ሕዝቡ ሲነሣ ወንበሮች ተንጫጩ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። በስድስተኛው ሰከንድ ላይ የሚንሸራተት ጠጠር የመሰለ ነገር ተሰማ። በዘጠነኛው ላይ፣ ለማይክራፎኑ በጣም ቀርበው፣ አስተዳዳሪው አብሯቸው ለቆመው ሰው በሹክሹክታ ተናገሩ።

«ከኋላ የቆሙት እነማን ናቸው?»

ሌላው ሰው «የቱ ጋ፣ ክቡርነትዎ?» አለ።

ከዚያ አስተዳዳሪው፣ በእነዚያ አራት ዓመታት ሰምታው በማታውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «አመሰግናለሁ፣ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

ሹክሹክታውን ደግማ አዳመጠችው። አልቸኮሉም። ፈርተው ነበር።

አሮጌውን ዝምታ ላለመጠቀም ቀድሞውንም ወስና ነበር፤ ከጎርፉ በኋላ በውስጡ የሚንጠባጠብ ውኃ ትሰማ ነበርና፣ የአዳራሹ ጣሪያ ያፈሳል ብላ ራሷን አሳምና ነበር። ስለዚህ አዲስ ለመቅዳት ተነሣች። ስልኳን አጠፋች፣ ማራገቢያውን ነቀለች፣ ማይክራፎኑን ከፍታ፣ እጇን አጣምራ፣ ባዶው ክፍል መካከል አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆመች። ምንም አልሰማችም። የስፖንጁ ጥቁረት ብቻ ቀስ እያለ የቀረበ መሰላት፤ ከየት እንደመጣ ያላወቀችው የተፈጨ ድንጋይ ሽታም አፍንጫዋን ኮረኮራት።

የጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ የቀዳችውን ስትከፍተው ክፍሉ ባዶ አልነበረም። ትንፋሽ አለ። አንዱ ሻካራ ነው፣ አንዱ በአፍንጫው ያፏጫል፣ አንዱ ከብዙ ልብስ በታች እንዳለ ሰው የታፈነ ነው። ለመቁጠር ሞከረች፤ ሲደራረቡ ግን መለየት አቃታት። ስድስት ናቸው። ሰባት ናቸው። ከሰባትም የሚበልጡ መሰላት። ከስድስቱ ውጭ ያለው፣ እሷ በገዛ እጇ ከመግለጫው ቆርጣ የጣለችው ሰው፣ የማን ወንድም እንደሆነ አሁን ማወቅ ፈለገች።

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አቶ ይርዳውን እጃቸውን ያዘቻቸው፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ሰባተኛው ማነው?»

«ስድስት ናቸው ተባልን እኮ፣ በለጡ።»

«ጠዋት ሰባት ነበር። መዝገብ ላይ የሌለው ሰው። ስም የለውም? በእግዚአብሔር፣ ይጠይቁልኝ።»

ፊቷን አይተው አልተከራከሩም። ግድግዳው ጥግ ቆመው ካባው ላይ ወደሚያውቁት ሰው ደወሉ፤ ለረጅም ጊዜ «እሺ፣ እሺ» አሉ። በለጡ የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ እያየች ጠበቀች።

«አሻግሬ የሚባል ነው» አሉ ስልኩን ዘግተው። «የአምሳ ዓመት ሰው፣ የቀን ሠራተኛ። ቤተሰቡ አስከሬኑን ወስዷል። ካባው አሁን ተዘግቷል፣ ሰው የመፈለጉም ቁፋሮ ቆሟል። ምነው? የምታውቂው ሰው ነው?»

«አላውቀውም» አለች። ስለ አሻግሬ ማዘን ሲገባት ደስ ስላላት አፈረች፤ ያ ዕፍረት ነው እንግዲህ ወደ ስቱዲዮው በሩጫ የመለሳት። ለዜናው አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። የጣለችውን «ሰባት» ፈልጋ አገኘችው፤ «ስድስት»ን አውጥታ ወደ ቦታው መለሰችው፤ የቀዳችውንም ደቂቃ ከንግግሩ ጋር ገጠመችው። ቢያባርሯትም ግድ የላትም። ቢያንስ የአሻግሬ ልጆች አባታቸው ሲቆጠር ይስሙ።

የቀትሩ ዜና ተጀመረ። የአስተዳዳሪው ድምፅ ተረጋግቶ፣ ሞቆ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ፈሰሰ። «ሰባት ወገኖቻችንን አጥተናል። ለወዳጅ ዘመዶቻቸው መጽናናትን እየተመኘን፣ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ።»

ዝምታው ጀመረ። በለጡ ሳታስበው ከወንበሯ ተነሣች። ትንፋሾቹ አሁን በማዳመጫው ውስጥ አልነበሩም፤ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው አልቀነሱም። ከኋላዋ ነበሩ። አልዞረችም።

አቶ ይርዳው «ሰባት» ሲባል ሰምተው ሊቆጡ መጥተው ነበር፤ በሩን ከፍተው ሊናገሩ ሲሉ የማስተላለፊያው ቀይ መብራት መብራቱን አዩና አፋቸውን ዘጉ። በሩን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። በለጡ ከጀርባዋ እግር ሲነሣ ሰማች፤ ምንጣፉ ላይ የሚጎተት፣ የደከመ ሠራተኛ እግር። አንዱ በአቶ ይርዳው አጠገብ አልፎ ወጣ፤ ትንፋሹም ከክፍሉ አብሮት ወጣ። ሁለተኛው ተከተለ። አቶ ይርዳው ዓይናቸው መብራቱ ላይ እንደሆነ፣ ሸክም የያዘ ሰው እንደሚያሳልፉ ሁሉ፣ ትከሻቸውን ወደ መቃኑ ጠጋ አደረጉ። ሦስት። አራት። በለጡ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። አምስት። ስድስት። ሰባተኛው እግሩ ይከብድ ነበር፣ የሽማግሌ እርምጃ ነው፤ ደፉ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ሄደ። ከክፍሉ ሽታው ጠፋ፣ አየሩ ቀለለ፣ የደቂቃው ሰዓት ወደ መጨረሻዋ ሰከንዶች ወረደ፤ በለጡም ከጠዋት ጀምሮ አፍና የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

አቶ ይርዳው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ፤ ከወንበሯ ኋላ፣ በር እስኪከፈትለት ደጃፍ ላይ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሦስት አጫጭር ሳሎች ተሰሙ፤ ከዚያ ረዘም ያለ «እህ»።